ተመልሶ የሚቆጥር ሰው፦ የደጋ አእዋፍ ተመራማሪ ሙያ ለጌዴኦ ምን ይጠቅማል?



ዛሬ የምናገረው ገና በወጉ ስም ስላልወጣለት ሙያ ነው፦ የደጋ አእዋፍን በመስክ እየተከታተለ ስለሚያጠና የሥነ ምህዳር ባለሙያ። ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሆነለት ወላጅ ለጎረቤቱ ማስረዳት አይቸግረውም፤ ልጁ "ወፍ ሊቆጥር የሄደ" ግን ምን ብሎ እንደሚመልስ ይጨንቀዋል። ጭንቀቱ ተገቢ ጥያቄ በውስጡ ስላለ በቁም ነገር እመልሰዋለሁ። ክርክሬ አጭር ነው። የዚህ ሙያ ዋናው ዋጋ አዲስ ወፍ በማግኘት ላይ አይደለም፤ ዋጋው አንድን ቦታ ዓመት ከዓመት ተመልሶ፣ በአንድ ዓይነት ስልት በመቁጠር ላይ ነው። ኢትዮጵያ ፈልጎ አግኝቶ ስም የሚሰጥ ብዙ ተጓዥ አይታለች፤ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው ግን ያገኘችው በጥቂቱ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ደግሞ ከጌዴኦ ተዳፋት የሚበልጥ ቦታ፣ ከከተማችን ከዲላም የሚሻል መነሻ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ከታሪኩ እንነሣ። ጣሊያናዊው ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ናሙናዎች መካከል ቱራኮ የሚባል አንድ ወፍ ተገኘ፤ ሳልቫዶሪ የተባለው የአእዋፍ ሊቅም በ1896 ወፉን በሟቹ ስም ሰየመው። ናሙናው ላይ ግን የት እንደተያዘ የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ አልነበረም። ወፉ ስም አገኘ፣ አድራሻ አጣ፤ የሳይንስ ሰዎች ዳግም ያገኙት በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ የዚህ ወፍ መኖሪያ ሆነው የሚታወቁት ከጌዴኦ አጠገብ በጉጂና በቦረና በኩል ያሉ ደኖችና ቁጥቋጦዎች ናቸው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በ1990 አርባ ምንጭ አጠገብ ወደሚገኘው ነጭ ሳር ፓርክ የመጡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች፣ በሌሊት ነፍሳት እያጠመደች የምትበላ ወፍ አገኙ፤ ከእርሷ የተረፈችው አንዲት ክንፍ ብቻ ስትሆን፣ አዲሱ ዝርያ በ1995 ለዓለም የተገለጸው በዚያችው ክንፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በችኮላ ጉዞ የተሰበሰበ ዕውቀትም የወፉን መልክ ይዞ የኑሮውን ሁኔታ ጥሎ ይመጣል።

ይህን ስል የቀደሙትን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት የኢትዮጵያ አእዋፍ ዝርዝር፣ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 ያወጡት የሥርጭት አትላስ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ከባዶ እንጀምር ነበር። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 ለአእዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል። እነዚህ ሥራዎች "የትኛው ወፍ የት አለ?" ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣሉ። አንድ አርሶ አደር፣ አንድ የቡና ማኅበር ወይም አንድ የዞን ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ "እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ለምን?" ለዚህ ጥያቄ ዝርዝርም ካርታም አይበቃም፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስልት፣ ደግሞ ደጋግሞ መቁጠር ያስፈልጋል።

ተመልሶ መቁጠር ምን እንደሚያስገኝ ከጎረቤታችን ከነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ ከሊበን ሜዳ እንማር። በዚያ ሜዳ ላይ ሣር ውስጥ የምትኖር ትንሽ የመሬት ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች በተወሰኑ መስመሮች ላይ እየሄዱ ቆጠሯት፤ በ2009 ተመልሰው በእነዚያው መስመሮች ላይ ሲቆጥሩ ቁጥሯ 40 በመቶ ቀንሶ አገኙት። የመጀመሪያው ቆጠራ ብቻውን ቢቀር ኖሮ "ወፏ አለች" ከማለት የዘለለ ነገር ባልነገረን ነበር። ሁለተኛው ቆጠራ ግን ሜዳው በእርሻና በቁጥቋጦ እየተዋጠ፣ በግጦሽ ብዛትም ሣሩ እየተራቆተ መሆኑን በቁጥር አሳየ። ይህ ለከብት አርቢው የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሣሩ እንዲያገግም መሬት ከልሎ የማቆየት የቦረና ልማድ፣ ካሎ የሚባለው፣ የመፍትሔው አካል ሆነ። ጉዳዩን ለዓመታት ከተከታተሉት መካከል ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ብሩክታዊት አብዱ ትገኝበታለች። በወፍ የተጀመረው ጥናት የግጦሽ መሬት ጥናት ሆኖ የተጠናቀቀው እንግዲህ ተመልሶ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንምጣ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ከኢትዮጵያ ሁለት ቦታዎች ተመዘገቡ፦ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ቢመዘገቡም መንገዳቸው የተለያየ ነው። ባሌ የተመዘገበው በተፈጥሮ ሀብቱ ነው። ጌዴኦ የተመዘገበው ግን ሰው በሥራው ባቆመው ደን መሰል እርሻ ነው፦ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላና ጥቁር እንጨት፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናታቸው ይህ የመሬት አጠቃቀም በዘላቂነቱ ምን ያህል ዘመን እንደተሻገረ በስፋት መርምረዋል። መሬቱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 3,000 ሜትር እስኪጠጋ ድረስ ሽቅብ ይወጣል። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከቡናው ወይና ደጋ ወደ እንሰትና ገብስ ደጋ ይሻገራል። በአገሪቱ በሕዝብ ብዛት እጅግ ከተጨናነቁ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዛፍ የቆመበት ስፍራ ማግኘት በራሱ የሚመረመር ነገር ነው።

ዛፉ ለወፍ ምን እንደሆነ በአንድ ሾላ ላይ ማየት ይቻላል። ሾላው ሲያፈራ ጉንጫቸው የብር ቀለም ያለው ትላልቅ ቀንድ ምንቃር ወፎች ክንፋቸውን እያፏጩ ይመጣሉ፤ ድምፁ ወፉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጥና ሲነሣ በአረንጓዴው ላይ የክንፉ ቀይ ይፈነጥቃል። እነዚህ ወፎች ፍሬውን ውጠው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላሉ፤ ማንም ሳይተክለው በጓሮ ጥግ የበቀለ ዛፍ ብዙውን ጊዜ የእነርሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ወፉ በዛፉ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ዛፉን ከሚተኩት አንዱ ነው። ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ብቻ በተተከለበት ማሳ ግን ለእነዚህ ፍሬ በሎች የሚሆን ምግብ የለም። ወፍ ቆጣሪው በቁጥሩ መዝገብ ውስጥ የሚያነበው እንግዲህ የወፍን ኑሮ ብቻ አይደለም፤ የዛፉን መተካትና አለመተካትም ጭምር ነው።

ተዳፋት መሆኑ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። የደጋ ወፍ የሚኖረው በለመደው ብርድ ልክ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ሽቅብ ይሸሻል፣ ከጫፉ በላይ ግን መሸሻ የለውም። በፔሩ ፓንቲያኮያ በተባለ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የተደረገውን ጥናት በ2017 የደገሙ ተመራማሪዎች፣ ቀድሞ በተራራው ጫፍ በብዛት ይታዩ ከነበሩት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ፈጽሞ ጠፍተው አገኙ። ለእኛ በሚቀርበው በታንዛንያ ኡሳምባራ ተራሮች ከ1987 ጀምሮ በስስ መረብ እየተያዙ ቀለበት የሚታሰርላቸው ወፎች መዝገብም የብዙ ዝርያዎች መኖሪያ ወደ ላይ እየተሸጋገረ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ግኝቶች የተገኙት አንድ ጊዜ በተደረገ ትልቅ ጥናት አይደለም፤ የድሮውን መዝገብ የጠበቀና የደገመ ሰው ስለነበረ ነው። የጌዴኦም የደጋ ጫፍ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ዛሬ ያልተጻፈ ቁጥር ከሠላሳ ዓመት በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይ፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ካሜራ ይዞ መዞርን ነውና። ቆጣሪው ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ቀድሞ በተመረጠና በጂፒኤስ በተመዘገበ ነጥብ ላይ ይቆማል። ሲደርስ የደነገጡት እንዲረጋጉ ጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይጽፋል፦ ዝርያው፣ ብዛቱ፣ ርቀቱ በሜትር፣ በየትኛው የዛፍ እርከን ላይ እንደነበረ። በእንሰትና በቡና መካከል ሰፋፊ ቅጠሎች ዓይንን ስለሚጋርዱ አብዛኛው መዝገብ የሚሞላው በጆሮ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከባይኖኩላሩ በፊት የሚያስፈልገው ድምፅ መለየት ነው፤ የግንደ ቆርቁርን ምት ከሌላ ምት፣ የአንዷን ጥሪ ከማስጠንቀቂያ ጩኸቷ መለየት ዓመታት ይወስዳል። ከነጥቡ ሲነሣ የዛፉን ዓይነትና የጥላውን መጠን ይለካል፤ ከባለማሳው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ባለፈው ወቅት የተቆረጠ ዛፍ ካለ ይጠይቃል። ያልታየ ወፍ ሁሉ የሌለ ወፍ እንዳልሆነ ስለሚያውቅም በዚያው ነጥብ ላይ ደጋግሞ ይመለሳል። ሥራው አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ታማኝነቱ ያለው ግን በዚሁ መደጋገሙ ውስጥ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሣ። የመጀመሪያውና ከባዱ፣ "ሰው ተቸግሮ ሳለ ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?" የሚለው ነው። የብዙ ቤተሰብ ማሳ እጅግ ጠባብ በሆነበት፣ በ2010 ዓ.ም. በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ በተፈናቀለበት አካባቢ ይህን ጥያቄ ማጣጣል ነውር ነው። ሆኖም ጥያቄው ወፉንና ኑሮውን ሁለት ቦታ ከፍሎ ያያል፤ የጌዴኦ ማሳ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ነው። በኮስታ ሪካ የቡና እርሻዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ የቡና ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ ወፎች እየለቀሙ ጉዳቱን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የኛ ቡና ከፍታውም ተባዩም የተለየ ስለሆነ ይህን ቁጥር ተውሶ ለይርጋ ጨፌ አርሶ አደር ማውራት ስሕተት ይሆናል። ግን ጥያቄው የኛም ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚለካልን ሰው ደግሞ የለንም። በገበያው በኩልም በስሚዝሶንያን ተቋም የሚሰጠው የ"ወፍ ወዳድ ቡና" ምስክር ወረቀት ቢያንስ 40 በመቶ የዛፍ ጥላና የአገር በቀል ዛፎችን ስብጥር ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባጸደቀው ሕግ ቡና ከተጨፈጨፈ ደን ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ማስረጃ የሌለው ሻጭ ሌላው ባዘጋጀው ማስረጃ ላይ ጥገኛ ይሆናል። ሙያው ነገ ዋጋ ያስጨምራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ያለ እርሱ ግን የምንደራደርበት የራሳችን ቁጥር አይኖረንም እላለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ "የጥላ ቡና ለወፍ ጥሩ እንደሆነ ተረጋግጦ የለ፣ ምን ቀረ?" ይላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ በጥላ ቡና ውስጥ የተያዙት የወፍ ዝርያዎች ከተፈጥሮ ደኑ በእጥፍ እንደሚበልጡ፣ በደኑ የተገኙት ዝርያዎችም ሁሉ በቡናው ውስጥ እንደተገኙ አሳይቷል። ግን ይኸው ጥናት ደን ብቻ የሚወዱ ወፎችና በደኑ ወለል ላይ ነፍሳት የሚለቅሙት በደኑ ውስጥ ይበልጥ እንደሚበዙም ተናግሯል። የዝርያ ብዛት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው፤ ሜዳና መንደር የሚወዱ ወፎች ገብተው ዝርዝሩን ሲያስረዝሙት፣ የደኑ ወፍ በዝምታ ሊያንስ ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጥናቱ የተደረገበት የጂማ አካባቢ የደን ቡና የጌዴኦ የእንሰትና ቡና ጓሮ አይደለም። እዚህ ለዘመናት የተጠበቁ የአምልኮ ደኖች በእርሻው መካከል እንደ ደሴት ቆመዋል። እነዚህ ደኖች ባይኖሩ በዙሪያቸው ያለው ማሳ ወፎቹን ይይዝ ነበር ወይ? ይህን ከጂማ መረጃ መመለስ አይቻልም፤ እዚሁ ደኑን፣ የደኑን ዳርና ራቅ ያለውን ማሳ እያነጻጸሩ መቁጠርን ይጠይቃል።

ሦስተኛው የዘመኑ ተቃውሞ ነው፦ "ሳተላይት አለ፣ ድምፅ መቅጃ አለ፣ የወፍ ድምፅ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ሰው ለምን ይቆማል?" መሣሪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ሊገዙም ይገባል። ግን በያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖረውን ግራጫ የቁራ ዘመድ ነገር አስቡ። ወፉ እ.ኤ.አ. በ1938 ከተገለጸ ጀምሮ፣ ዙሪያው ያለው መሬት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ለምን ከዚያች ጠባብ ቦታ እንደማይወጣ እንቆቅልሽ ነበር። የአየር ንብረት መረጃና ካርታ በ2012 የሙቀት ወሰን እንዳለ ጠቆመ። ምክንያቱን የበለጠ ያብራራው ግን በመስክ ወፉን ቀን ሙሉ የተከታተለ ሰው ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወፉ አፉን ከፍቶ እንደሚያለከልክ፣ ጥላ እንደሚፈልግና ምግብ ፍለጋውን እንደሚቀንስ ታየ። ካርታው ወሰኑን አሳየ፤ ሰውየው ምክንያቱን አመጣ። ድምፅ መቅጃም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ያስተማረውን ድምፅ ብቻ ነው፤ የተቀዳው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠውም የሠለጠነ ጆሮ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ባህል የሚነሣ ነው፦ "የጌዴኦ አባቶች ዛፉንም ወፉንም ያውቃሉ፤ የተማረ ቆጣሪ ምን ይጨምራል?" ይህ ጥያቄ መከበር አለበት፤ ደኑን ያቆየው ሳይንስ ሳይሆን ባሌ የተባለው የጌዴኦ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓትና ሶንጎ የተባለው ሸንጎ ሽማግሌዎች ናቸው። የጌዴኦን ቋንቋ ጌዴኡፋን የማይሰማ፣ ሽማግሌ ሳያስፈቅድ ወደ አምልኮ ደን የሚገባ ተመራማሪ የሚያመጣው መረጃ ጎደሎ ነው፤ በር ሊዘጋበትም ይገባል። ነገር ግን ትውስታ አንድ ድክመት አለው። እያንዳንዱ ትውልድ "ድሮ" የሚለው በልጅነቱ ያየውን ነው፤ አያት ያዩትን ብዛት የልጅ ልጅ አያውቀውም፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉድለት እንደ ጉድለት ሳይቆጠር ያልፋል። ጽሑፍ ይህን ክፍተት ይደፍናል። ሽማግሌው የት መቆም እንዳለበትና ምን መጠየቅ እንዳለበት ለቆጣሪው ያሳዩታል፤ ቆጣሪው ደግሞ የእርሳቸውን ምስክርነት ለሚመጣው ትውልድ በቁጥር ያስቀምጣል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የተማሪዎቹ ነው፦ "ሥራው የታለ?" በዚህ ላይ ማባበል አልፈልግም። "የወፍ ሥነ ምህዳር ባለሙያ ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ በቦርድ ላይ ብዙ አይለጠፍም። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፦ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በጥበቃ ድርጅቶች፣ ወፍ ለማየት የሚመጣ ቱሪስት በማስጎብኘት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ተፅዕኖ ሊያሳድር የሚችል ፕሮጀክት ሳይጀመር እንዲገመገም ስለሚያዝ የመስክ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሙያው በኢትዮጵያዊ እጅ እንደሚቻልም ማስረጃ አለ፤ በባሌ ተራሮች የሠሩት አዲሱ አሰፋ የሰው ጫና በደንና በገላጣ ቦታ አእዋፍ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በተከታታይ ጽሑፎች አሳይተዋል። ችግሩ ከሰው ማጣት ይልቅ ከአሠራራችን የሚመጣ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የአንድ ቦታ "የአእዋፍ ዝርያ ስብጥርና አንጻራዊ ብዛት" የሚል የማስተርስ ጥናት ይጀመራል፣ በበጋና በክረምት ሁለት ዙር ይቆጠራል፤ ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይውላል፣ ጥሬ መዝገቡ ከተማሪው ኮምፒዩተር ጋር ይጠፋል፣ ቀጣዩ ተማሪ "አዲስ ርዕስ" ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ሁለት ወቅት ዝናብ ለክቶ ተዘጋ ቢባል ሁላችንም እንስቃለን፤ በአእዋፍ ላይ ግን ይህንኑ እያደረግን ምርምር ብለን እንመርቃለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም፤ የአሠራር ለውጥ ነው። ከዲላ ዝቅተኛ ማሳዎች እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ ቋሚ የቆጠራ ነጥቦች ይመረጡ፤ የአምልኮ ደኑ፣ የእንሰትና ቡና ጓሮው፣ የባሕር ዛፉና የጫቱ ማሳ ሁሉም ይካተቱ። የማስተርስ ተማሪ ቀድሞ የተሠራውን ቦታ መድገሙ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ምስጋና የሚያሰጠው ይሁን። ጥሬ መዝገቡ ከነጂፒኤስ ነጥቡ ዲግሪው ሳይሰጥ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይተላለፍ። ከሁሉም በላይ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የማያልቅ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው፣ ሥራው ቆጠራውን ማስቀጠል ይሁን። ውጤቱም በየዓመቱ ለቡና ማኅበራትና ለሽማግሌዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይቅረብ፤ ማሳቸውን ከፍተው ያስገቡን እነርሱ ናቸውና።

ለወላጆች የምመልሰውም ይኸው ነው። ልጃችሁ ወፍ ሊቆጥር ከሄደ፣ የሄደው የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው ይህ ማሳ ዛፉን እየተካ መሆን አለመሆኑን በመረጃ ለማወቅ ነው። ምዝገባው ኃላፊነት ይዞ መጥቷል፤ ቅርሱ እንደተጠበቀ ሪፖርት ማቅረብ ይጠበቅብናል፣ ሪፖርት ደግሞ በመፈክር አይጻፍም። የመጀመሪያውን ዙር ቆጠራ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ብትሠሩት፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚሠሩት እናንተ የምታስተምሯቸው ይሆናሉ። የአንድ ሰው ዕድሜ ለዚህ ሥራ አይበቃውም፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው፣ ዞኑና የቡና ማኅበራቱ በጋራ ሊይዙት የሚገባ የተቋም ሥራ ነው።